ባልሽው ይሁን

እናቴ ቤት ከበሩ ጀርባ አንድ ረጅም ዘንግ ተደግፎ ይቆማል። ጫፉ ላይ የሽቦ መንጠቆ ታስሮበታል፤ መያዣው ከእጅ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። እንግዳ የሆነ ሰው ምን እንደሚሠራ ይጠይቃል፤ እማዬም እንደ ቀኑ ሁኔታ አንዴ የመጋረጃ ነው፣ አንዴ የድመት ማባረሪያ ነው ትላለች። መርካቶ የኖረ ሰው ግን አይጠይቅም። ከጣሪያ ሥር የተሰቀለ የልጅ ቀሚስ የሚወርደው በእንዲህ ያለ ዘንግ መሆኑን ያውቃል። እኔ ይህን ዘንግ ሳይ አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ ይሸተኛል፤ ቀጥሎ የእናቴ የዱሮ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል፤ ከዚያ አክስቴ አስካለ ትዝ ትለኛለች። ትዝ የምትለኝም ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ተክለ ሃይማኖት ነበር፤ ሦስት ሴቶች የምንኖርባት አንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት። አባቴን የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው። እማዬ የሺ ትባላለች። አስካለ ታናሽ እህቷ ናት፤ እናታቸው ጎጃም ሲሞቱ እማዬ ሄዳ፣ ገና ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ሳለች አዝላ አምጥታ አሳደገቻት። ስለዚህ ለእማዬ እህትም ልጅም ነበረች። እማዬን «እትዬ» ትላታለች። እኔ ደግሞ አክስቴ ማለቱ ስለማይሆንልኝ አስኩ ነበር የምላት። አንድ አልጋ ላይ እንተኛለን፤ ጸጉሬን የምትሠራኝም፣ የቤት ሥራዬን የምታየውም፣ እማዬ ስትቆጣኝ ጀርባዋ ሥር የምትደብቀኝም እሷ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከተጣጠፈ ልብስ ጋር ስለምትውል ትከሻዋ አዲስ ጨርቅ ይሸት ነበር።

ጭድ ተራ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ተደጋግፈው ከቆሙት ሱቆች በአንዷ ውስጥ ሁለቱ የልጆች ልብስ ይሸጡ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስለቀቅ በቀጥታ ወደዚያ ነው። ሥራ ነበረኛ፤ መለኪያ ነበርኩ። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ገዢዎች ልጆቻቸውን ይዘው አይመጡም። አንዳንዱ የልጁን ቁመት በክር ለክቶ በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ አብዛኛው ግን እጁን ከመሬት ከፍ አድርጎ «ይህን ታክላለች» ይላል። ያን ጊዜ አስኩ ክንዴን ይዛ ታቆመኛለች።

«እሷን ታክላለች?»

«ትንሽ ቀጠን ትላለች።»

ቀሚሱ ከዩኒፎርሜ በላይ ይጠለቅልኛል፤ እዞራለሁ፤ ገዢዋም ልጇን ያየች ያህል ፊቷ ይፈታል። አይቻቸው የማላውቅ ስንት የደብረ ማርቆስና የወልቂጤ ልጆች የበዓል ልብሳቸውን ከእኔ በኋላ ነው የለበሱት። ሁሉን ለብሼ ሁሉን አውልቄ በዚያው በዩኒፎርሜ ወደ ቤት ስመለስ ታዲያ አኮርፍ ነበር። መለኪያ መሆን ቀላል አይደለም።

የተራው ትልቁ ትርዒት ግን የዋጋው ክርክር ነው። እማዬ ዋጋውን ትናገራለች፤ ገዢዋ ደንግጣ ደረቷን ትይዝና ግማሹን ትሰጣለች። አሁን መደንገጥ የእማዬ ተራ ይሆናል። እንደ ተሰደበ ሰው ዝም ብላ ቀሚሱን በዘንጓ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ገዢዋ ትሄዳለች። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አካሄዷ ላይ። ቆርጣ የምትሄድ ሴት ትፈጥናለች። እንድትጠራ የምትፈልገው ግን ቀስ ትላለች፤ የማትገዛውን ዕቃ ትነካካለች፤ አንድ ጆሮዋን ኋላ ትታ ነው የምትሄደው። እማዬ ይህን ከጀርባ አይታ ትለያለች። ጥቂት ሱቆች እስክታልፍ ትጠብቅና ተሸካሚው ሁሉ ዞር እስኪል ድረስ ትጮኻለች፤ «ነይ ተመለሺ! ባልሽው ይሁን!»

ያለችው አይሆንም ነበር። ገዢዋ ስትመለስ ትንሽ ትጨምራለች፤ እማዬም ትንሽ ትቀንሳለች፤ ሁለቱም የተጎዱ መስለው በሆዳቸው እየሳቁ ይለያያሉ። ሕጉን ግን ሁሉም ያከብረዋል። የሄደ ሰው ሳይጠራ አይመለስም። ሳይጠራ ከተመለሰ ሻጩ ያለውን ከፍሎ፣ አፉን ዘግቶ ይወስዳል። ለዚህ ነው የመርካቶ ሻጭ ሁሉ መጥራትን እንደ ሙያ የሚቆጥረው፤ ከጠሪዎች ሁሉ ደግሞ እናቴን የሚያህል አልነበረም።

ሕጉ ቤታችንም ይሠራ ነበር። አስኩ አኩራፊ ናት። በትንሹም በትልቁም ከእማዬ ጋር ይጋጩና ነጠላዋን ብድግ አድርጋ ወደ ግቢው በር ትሄዳለች፤ ቀስ ብላ፣ የተሰጣውን ልብስ እየነካካች። እማዬ ሽንኩርቷን እየከተፈች በመስኮት ታያታለች። አስኩ በሩን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ «ነይ ተመለሺ፣ ባልሽው ይሁን!» የሚለው ድምፅ ግቢውን ይሞላዋል፤ ጎረቤት ሁሉ ይስቃል። አስኩም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየያዘች ትመለሳለች። እኔም ከእነሱ አይቼ፣ ከረሜላ በተከለከልኩ ቁጥር ቀስ ብዬ ወደ በሩ መሄድ ለመድኩ። አንድም ቀን ሳልጠራ ቀርቼ አላውቅም።

አንድ ክረምት የተራው ሱቆች ሊፈርሱ ነው ተባለ። ነጋዴው ሁሉ ወዲያና ወዲህ ማለት ሲጀምር አስኩ ወደ መሳለሚያ በሚወስደው መንገድ ላይ የተሠራ መስታወት የለበሰ ሕንፃ አይታ መጣች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመተላለፊያው መሀል፣ ከአልጋችን እምብዛም የማትበልጥ ኪዮስክ ነበረች። ጭቃ የለ፣ ዝናብ የለ፣ መብራቱ ቀንም ይበራል። እማዬ ፈራች። አስኩ ግን ለሠርጓ ያስቀመጠችውን ወርቅ ሸጣ ኪዮስኳን ያዘች፤ ባሉ ሲመጣ ወርቁን ይዞ ይምጣ ብላ ሳቀች። በተከፈተች ቀን እማዬ የተክለ ሃይማኖትን ጠበል አምጥታ አራቱንም ማዕዘን ረጨች። ፊት ለፊታችን ጫማ የሚሸጡት ጋሼ ሸምሱ ደግሞ «አላህ በረካ ያድርግላችሁ» ብለው ቴምር ይዘው መጡ። ቴምሩን እየበላሁ ከላይ ወደ ታች ሳይ ሰው ሁሉ ያለ እግር የሚሄድ መሰለኝ። ኤስካሌተር ያየሁት ያን ቀን ነው። እማዬ «ሂያጁ ደረጃ» አለችው፤ እስከ መጨረሻውም ሌላ ስም አልሰጠችውም።

ያ ሂያጅ ደረጃ ጉድ ሠራን። ከኪዮስካችን አጠገብ የነበረው ወደ ታች የሚወስደው ነው። ወደ ላይ የሚያመጣው አንድ ሰሞን ሠርቶ ተበላሸ፤ ተበላሽቶም ቀረ። ገዢ መጥታ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ትከራከራለች፤ እንደ ወጉ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ነገር ግን ጥቂት ከተራመደች በኋላ ደረጃው ላይ ናት፤ ደረጃው ደግሞ ቀስ ማለቷን አያውቅላትም። እማዬ ሮጣ ብረቱን ተደግፋ ወደ ታች ስትመለከት የምታየው ቀና ብሎ የሚመለከታትን፣ እየሰመጠ የሚሄደውን ፊት ነው። ብትጠራት እንኳ ሦስት ፎቅ በእግሯ ማን ይወጣል? ያም ሆኖ ትጠራ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ድምፅዋ መስታወቱን ሁሉ አንቀጠቀጠው፤ ሰው ሁሉ የሚቃጠል ነገር ያለ መስሎት ደነገጠ። ደረጃው አፍ ላይ የሚቆመው ወጣት ጥበቃ ኮፍያውን አውልቆ መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ እዚህ መጣራት አይቻልም። እኔን ነው የሚቆጡኝ።»

እማዬ ለልጁ አዘነችለትና መጮኹን ተወች። ከዚያ በኋላ በእጇ መጥራት ጀመረች። ድምፅ ሳታወጣ አፏን ትከፍታለች፤ ዘንጉን ታወዛውዛለች። እኔ በልጅነቴ ስቄባታለሁ። ያን የሚያህል ድምፅ ያላት ሴት መስታወት ውስጥ እንደ ዓሣ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ ትውል ነበር።

መላውን ያመጣችው አስኩ ናት። ካርቶን በትንንሹ ቆርጣ፣ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ የመጨረሻውን ዋጋ ጽፋ በመርፌ ቁልፍ ሰካችበት። ክርክር ከሌለ መሄድም የለም፤ መሄድ ከሌለ መጥራት አያስፈልግም። እውነቷን ነበር፤ እሷ ብቻዋን በምትቆምበት ቀን ገበያው ደህና ነው። ለእማዬ ግን ወረቀቱ ስድብ ሆነባት። «ሰው ከሰው ጋር ነው እንጂ ከካርቶን ጋር ይገበያያል?» ትላለች። አስኩ ትሰካለች፣ እማዬ ትነቅላለች። እኔ መሀል ላይ ለብሼ የምቆመው ቀሚስ አንዳንዴ ዋጋ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ማታ ማታ ቤት ውስጥ የሚሰማው የሬዲዮው ድምፅ ብቻ ሆነ። ሁለቱ የሚለያዩ መስሎኝ ፍርሃት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እማማ ዘነቡ መጡ። የደብረ ብርሃን ሴት ናቸው፤ ለልጅ ልጆቻቸው ዓመት በዓመት ከእናቴ የሚገዙ የዱሮ ደንበኛ። ተራው ሲፈርስ ጠፍተንባቸው፣ ሲጠይቁ ሲጠያይቁ ደረጃውን በምርኩዝ ወጥተው ደረሱ። እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም። ቢጫ ቀሚስ አውርዳ አለበሰችኝ፤ «የልጅ ልጄን ነፃነትን ታክላለች» አሉ እማማ ዘነቡ ጉንጬን እየነኩ። ከዚያ በእጅጌዬ ላይ ያለውን ካርቶን አዩ። እማዬ ፈጥና ነቀለችውና መሬት ጣለችው። «ለእርስዎ ወረቀት የለም። እንደ ዱሯችን ነው።»

አስኩ ጎንበስ ብላ ካርቶኑን አነሳች። መልሳ እጅጌዬ ላይ ሰካችው። «ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው እማማ» አለች፤ በትህትና ነው ያለችው፣ ግን አለች።

እማማ ዘነቡ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። «ተዉት ልጆቼ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብለው ምርኩዛቸውን አንስተው ሄዱ። እየፈጠኑ ነበር የሄዱት። እማዬ ያን አካሄድ ታውቀዋለች። ፊቷ ሲጠቁር ታየኝ።

«ከእናታችን መቃብር አንስቼ ሰው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ደንበኛዬ ፊት ታዋርጅኛለሽ? ካልተስማማሽ ደረጃው ያውልሽ! ለመውረድ እንደሆነ አይበላሽም!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። አስኩ «ወርቄስ?» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ዐይኗ ውስጥ እንባ ሞላ፤ ነጠላዋን አነሳች፤ ሄደች።

ቀስ ብላ ነበር የሄደችው። እኔ ቢጫውን ቀሚስ እንደለበስኩ ቆሜ አካሄዷን ሳይ ልቤ መለስ አለ። ጨዋታውን አውቀዋለሁና። የጋሼ ሸምሱ መደርደሪያ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ አንድ የተጋደመ ጫማ አቀናች። አንድ ጆሮዋ ኋላ ነበር። አሁን ትጠራታለች ብዬ ወደ እማዬ ዞርኩ። የእማዬ አፍ ተከፈተ፤ ከመጮኋ በፊት ሁልጊዜ እንደሚሆነው የአንገቷ ሥር ተገተረ። የጎረቤት ነጋዴ ሁሉ ከየኪዮስኩ ወጥቶ ያያል። ጥበቃው ደረጃው አፍ ላይ ቆሟል። ድምፁ አልወጣም።

አስኩ ደረጃው አፍ ላይ ቆየች። ሰዎች በግራ በቀኝ እያለፏት ወረዱ። ከዚያ እግሯን አሳረፈች። ሲወስዳት ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ነበር፤ ወገቧ ጠፋ፣ ትከሻዋ ጠፋ፣ በመጨረሻ ነጠላዋ ጠፋ። እማዬ ሮጣ ብረቱን ስትይዝ ከታች ብዙ ሰው ይተራመስ ነበር። «ጥበቃው ቆሞ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ። «ልጁን እንዳላስቆጣው ብዬ ነው።» 

ቤት ስንደርስ የአስኩ ልብስና ሻንጣ አልነበረም። ሐዋሳ ጓደኛ ነበረቻትና እዚያ ሄደች። አልጋው ሰፋብኝ፤ ትራሷን አቅፌ እያሸተትኩ ብዙ ሌሊት አለቀስኩ። ጋሼ ሸምሱ ለንግድ ወደዚያ ሲወርዱ አገኟትና መልእክት አመጡ፤ «እትዬ ከጠራችኝ ዛሬውኑ እመጣለሁ። ሳትጠራኝ ግን በምን ፊቴ?» እማዬ መሬት መሬት እያየች «እግሯን ማን አሰረው?» አለች። እሷ ጥሪ ትጠብቃለች፣ ይህችኛዋ መመለስ ትጠብቃለች፤ ሁለቱም የተራውን ሕግ እያከበሩ ዓመታት ሄዱ። በበዓል በበዓል አስኩ ስልክ ትደውልልኛለች። ትምህርቴን ትጠይቀኛለች፣ ቁመቴን ትጠይቀኛለች፣ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ አለች?» ትላለች። አለች እላለሁ። ያን ጊዜ እማዬ ማዶ ሆና ድስትና ሰሃን ታንኳኳለች፤ መኖሯን በዚያ ነበር የምታሰማት። አስኩም ያን ታዳምጣለች፤ ስልኩ የሚዘጋው እንዲያ ነው።

አንድ ነገር ግን አስኩ ሳታውቅ ቀረች። እሷ በሄደች በሳምንቱ እማዬ ካርቶን ቆርጣ አምጥታ «ጻፊልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ኪዮስካችን እስክትዘጋ ድረስ ካርቶን ያልተሰካበት ልብስ አልተሰቀለም። ለአስኩ ልንገራት ብላት እማዬ በዐይኗ ከለከለችኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ፣ አንድ ማለዳ ከሐዋሳ ስልክ ተደወለ። አስካለ ጠንከር ያለ ሕመም ይዟታል፣ ዛሬውኑ ድረሱ። እማዬ ነጠላዋን እንኳ አስተካክላ ሳትለብስ ወጣን። አውቶቡስ ተሳፈርን። ዝዋይን ስናልፍ ድንገት እጄን ያዘችኝ። «ምን እንደምላት ታውቂያለሽ? ከበር ላይ ሆኜ፣ ገና ሳልገባ፣ ባልሽው ይሁን ነው የምላት። ትስቃለች። አይደለም?» ትስቃለች አልኳት። እውነትም ትስቅ ነበር።

ባጃጁ ሰፈሩ ሲደርስ ድንኳኑን ከሩቅ አየነው። የኛ ሰው ሞትን በስልክ እንደማይናገር እማዬ ከእኔ የተሻለ ታውቅ ነበር፤ ግን መንገዱን ሁሉ ማወቅ አልፈለገችም። «የሌላ ሰው ነው» አለች። ባጃጁ ድንኳኑ ጋ ቆመ።

የደረስነው ሬሳው ሲወጣ ነበር። ሳጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ይሄዳሉ። እማዬ ከባጃጁ ወርዳ ያን አካሄድ ስታይ ቆመች። የአንገቷ ሥር ተገተረ። ከዚያ ያ ከሕንፃው የመጀመሪያ ቀን ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ መንገዱን ሞላው።

«ነይ ተመለሺ! አስኩዬ ነይ ተመለሺ! ባልሽው ይሁን! ባልሽው ይሁን!»

ለቀስተኛው የልቅሶ ግጥም መሰለው፤ ሴቶቹ ተቀብለዋት አለቀሱ። ሰዎቹ ለጸሎት ሳጥኑን አሳርፈው ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ለጸሎት መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ሰምታ የቆመች መስሎኝ፣ የሞኝ ነገር፣ ጠበቅኩ። ካህኑ ሲጨርሱ አንስተዋት ሄዱ።

በማግስቱ አስኩ ትሠራባት የነበረችውን ሱቅ አሳዩን። መንገድ ዳር ናት፤ ደረጃ እንኳ የላትም። ከዚያ የሄደ ሰው ሲጠራ ዞር ብሎ ሊመለስ ይችላል። ጥግ ላይ ይህ ዛሬ ከእማዬ በር ጀርባ ያለው ዘንግ ቆሞ ነበር፤ እማዬ ከዕቃዋ ሁሉ የወሰደችው እሱን ብቻ ነው።

ዛሬ የሕንፃውም ነገር አብቅቶለታል። አሁን ልብስ የሚሸጠው በስልክ ነው፤ ዋጋ ስትጠይቂ «በውስጥ መስመር» ይሉሻል፤ ብትሄጂ ማንም አያይሽም፣ ብትቀሪ ማንም አይጠራሽም። ለልጄ ልብስ ስገዛ እንደ ሞኝ ቀስ ብዬ ከሱቅ የምወጣበት ጊዜ አለ። ሻጯ ስልኳን እንደነካካች ትቀራለች።

እሁድ እሁድ እማዬን ጠይቄ ስወጣ ግን ያ ዘንግ ካለበት በር ላይ ቆማ ትጠራኛለች። ጃንጥላ ረሳሽ ትላለች፤ ጃንጥላው እጄ ላይ ነው። ለልጅቷ ዳቦ ውሰጂላት ትላለች፤ ዳቦውን ቅድም ሰጥታኛለች። እመለሳለሁ፤ ደግሜ እስማታለሁ፤ እንደገና እሄዳለሁ፤ እንደገና ትጠራኛለች። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን እያየ ይስቅብናል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ድምፅዋ እየደከመ መጥቷል፤ ከግቢው በር አያልፍም። ስለዚህ ከዱሮው ይልቅ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።